የማጽደቂያ ቁጥሩ አለ፤ መመሪያው የት ነው?

ለ፦ በዩኒቨርሲቲዎች ለምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤቶች
ለ፦ ለእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእንስሳት ምርምር ፖሊሲዎችንና የአሠራር ሰነዶችን አያያዝ ይመለከታል

በእንስሳት ላይ የተሠራ የማስተርስ ጽሑፍ ወይም የታተመ ጥናት ሲከፈት አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ እንደጸደቀ ትናገራለች፤ የደብዳቤ ቁጥርና ቀንም ትጠቅሳለች። ያንን ቁጥር ይዞ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት የሚሄድና «ይህ ጥናት የጸደቀው በየትኛው መመሪያ፣ በስንተኛው እትም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቃለ ጉባኤው አለ፤ ማኅተሙም አለ። መመሪያው ወይ ከጅምሩ አልተጻፈም፣ ወይ ተጽፎ በረቂቅ ቀርቷል፣ ወይ በቀድሞው ሰብሳቢ ፍላሽ ላይ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ሄደዋል።

የምንጽፈው ስለዚያ ሰነድ ነው። ኮሚቴ ማቋቋም ተለምዷል። ኮሚቴው የሚሠራበትን ደንብ መጻፍ፣ ማደስ፣ ያረጀውን መሻርና እያንዳንዱ ቅጂ የት እንዳለ ማወቅ ግን የማንም ሥራ ሆኖ አልተቆጠረም። በዚህም ምክንያት ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሙከራ ያቀርቡና አንደኛው ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ ሲከለከል ሌላው ይፈቀድለታል። በመካከላቸው የተለወጠ ነገር ቢኖር በዚያን ዕለት ስብሰባ የተገኙት አባላት ናቸው።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል አስተያየት በየመድረኩ ስለሚሰማ አስቀድመን እንመልስ። ኢትዮጵያ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አባል ናት። የድርጅቱ የየብስ እንስሳት ጤና ኮድ ምዕራፍ 7.8 በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ሲሆን፣ በምርምርና በትምህርት የሚያገለግሉ እንስሳትን የሚመለከት ነው። ኮሚቴው ቢያንስ አንድ ተመራማሪ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ የኅብረተሰብ ተወካይ ይኑረው ይላል። የእንስሳት ማቆያውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲጎበኝ ይጠይቃል። ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በቀጥታ ገንዘብ ተቀብሎ በእንስሳት የሚመራመር የውጭ ተቋም ደግሞ የማረጋገጫ ሰነድ አስገብቶ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የተሻሻሉትን የእንስሳት ምርምር ዓለም አቀፍ መርሆዎች እንደሚከተል ይፈርማል። ፊርማውን ያኖረው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ነው፤ አይጡን የሚይዘው ግን የእንስሳት ቤት ሠራተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ የተጻፈ አሠራር ነው። ራስልና በርች በ1959 እ.ኤ.አ. ያስቀመጧቸው ሦስቱ መርሆዎች፣ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩ እንዲቀንስ አሠራሩን ማሻሻል፣ በየፕሮፖዛሉ መግቢያ ላይ እንደ ጸሎት መክፈቻ ተደግመው ይታለፋሉ። ወደ ሚሊ ሊትርና ወደ ሰዓት ካልተመነዘሩ አይጡ ዘንድ አይደርሱም።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉን ነገር በአንድ ጥራዝ ማጨቅ ነው። ሦስት ዓይነት ሰነድ ያስፈልጋል፤ የሚለያዩትም በማን እንደሚጸድቁና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጡ ነው። ፖሊሲው የሴኔት ነው። ማን ሥልጣን እንዳለው፣ ኮሚቴው ለማን ተጠሪ እንደሆነ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ማንንም ሳይጠይቅ ሙከራ ማስቆም እንደሚችል፣ የሚያጋልጥ ሠራተኛ እንደማይጠቃ ይናገራል። ከ8 ገጽ ካለፈ ውስጡ የገባ ባዕድ ነገር አለ ማለት ነው። የአሠራር መመሪያው የኮሚቴው ነው፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነ፣ ማሻሻያ እንዴት እንደሚታይ፣ ጉብኝት መቼ እንደሚደረግ ያስቀምጣል። የሥራ ቅደም ተከተሉ፣ በላቦራቶሪ አነጋገር ኤስኦፒው፣ የጠረጴዛ ሰነድ ነው። መርፌው ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ኬጁ በስንት ቀን እንደሚጠብ እዚያ ይጻፋል፤ ሐኪሙ ፈርሞበት ኮሚቴው ያጸድቀዋል። የመድኃኒት መጠን በሴኔት ፖሊሲ ውስጥ የጻፈ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ቁጥር ለማረም የሴኔት ስብሰባ ይጠብቃል። ሰው እስኪሰለች ይጠብቅና በልቡ ያረማታል። መመሪያ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በይፋ ሳይሻር ማንም የማይከተለው ይሆናል።

አንድ ሰነድ ቀረብ ብለን እንመልከት፤ የአይጥ ማደንዘዣ ኤስኦፒ። የተለመደው ኬታሚንን ከዛይላዚን ጋር መስጠት ነው። 50 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነውን ኬታሚን 1 ሚሊ ሊትር፣ 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነውን ዛይላዚን 0.25 ሚሊ ሊትር፣ ንጹህ ሳላይን (የጨው ውኃ) 3.75 ሚሊ ሊትር ቢቀላቀሉ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለእያንዳንዱ 10 ግራም ክብደት 0.1 ሚሊ ሊትር በመርፌ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሰጥ፣ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ኬታሚንና 10 ሚሊ ግራም ዛይላዚን ይደርሳል። 25 ግራም ለሚመዝን አይጥ 0.25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እስከዚህ ጥሩ። ኤስኦፒው ግን «1 ሚሊ ሊትር ኬታሚን» ብቻ ብሎ ከጻፈና በሚቀጥለው ግዢ የመጣው ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ፣ የኬታሚኑ መጠን በአንድ ቀን እጥፍ ይሆናል። ብልቃጡ ያው ይመስላል፤ ሰውየውም ያው ነው፤ ወረቀቱም ያው ነው። አይጦቹ ሲሞቱ «ዝርያው ደካማ ነው» ይባላል።

ስለዚህ መጠን ሁልጊዜ በሚሊ ግራም በኪሎ ይጻፍ፤ የሚሊ ሊትሩ ሠንጠረዥ ከታች ለየብልቃጡ ጥንካሬ ለየብቻ ይቀመጥ። አቅራቢ ሲለወጥ ደግሞ የግዢ ክፍሉ ለሐኪሙ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንድ መስመር በመመሪያው ይግባ። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለውም ይጻፍ፤ በእኛ አገር ይህ ሊገጥም የሚችል ሳይሆን የሚገጥም ነገር ነው። አማራጭ ካልተጻፈ መደርደሪያ ላይ ያለው ነገር ይመረጣል፤ እሱም ኤተር ወይም ክሎሮፎርም ነው። ኤተር ይፈነዳል፣ የእንስሳውን የአየር መተላለፊያ ያቃጥላል። ክሎሮፎርም ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ በጉበት መድኃኒት ጥናት ላይ የተጠቀመበት ተመራማሪ የለካው የሚፈትነውን የመድኃኒት ቅጠል ሥራ ይሁን የክሎሮፎርሙን በምን ያውቃል?

ቀጥሎ የሚመጣው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ተራ ይመስላል፤ ብዙ ጥፋት ግን ከዚያ ይወጣል። የማጽደቂያ ደብዳቤ «12/01/2017» የሚል ቀን ይዞ ይወጣል። መስከረም 12 ማለት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024። የውጭ መጽሔት አዘጋጅ ግን የ2017 ጃንዋሪ አድርጎ ያነበዋል። «ሙከራው የተሠራው ማጽደቂያው ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው» የሚል ጥያቄ ይልካል፤ ጽሑፉም ይንጠለጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በማናቸውም የኮሚቴ ሰነድ ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፣ ማብቂያ ቀኑም «ለአንድ ዓመት» ተብሎ ሳይሆን በቀን ይጻፍ።

ሰዓቱ ከዚያ የባሰ ነው። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የአጣዳፊ መርዛማነት መመሪያ ቁጥር 425 በእንግሊዝኛ «ራት» የሚባለው ትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ ሌሊቱን ሙሉ፣ ትንሹ አይጥ ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ብቻ ከምግብ ይከልከል ይላል፤ ውኃ አይከለከልም። የትንሹ አይጥ ሰውነት ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያቃጥላል። ተማሪው በወረቀት ላይ «መኖ በ12 ሰዓት ይነሳ፣ መድኃኒት በ3 ሰዓት» ብሎ ይተዋል። ያሰበው የጠዋቱን 12 ነው። ሠራተኛው ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት በማታው 12 ሰዓት ያነሳዋል። ሦስት ሰዓት ሊጾም የነበረ አይጥ አሥራ አምስት ሰዓት ጾሞ ያድራል፤ በማግሥቱ ክብደቱ ወርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ የደም ስኳሩ ወድቆ ይገኛል። መጠኑ ግን ትናንት በተመዘነው ክብደት ይሰላል። በኤስኦፒና በመዝገብ ቅጽ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ሳጥን ማስገባት ወይም አንድ የ24 ሰዓት አቆጣጠር መርጦ በግድግዳው ሰዓት ላይም ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይቻልም።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ኤስኦፒው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ኬጁን የሚያጥበውና ቅዳሜ እሑድ የሚገባው ሠራተኛ ደግሞ የሚያነበው አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ነው። ትርጉሙ የተለየ ሰነድ እንዳይሆን አንድ መለያ ቁጥርና አንድ የእትም ቁጥር ይያዝ፤ ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና ይነገር፤ እንግሊዝኛው ሲታደስ ትርጉሙ በዚያው ቀን ካልታደሰ አዲሱ እትም ሥራ ላይ አይውልም ይባል። ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ከመሄዱ በፊት ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ሰነዱ ስህተት አለበት።

የሰነዶቹ አያያዝ ውድ ሥርዓት አይፈልግም። አንድ ዋና ዝርዝር በኤክሴል ይበቃል። በየረድፉ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ የእትም ቁጥር፣ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ ቀጣይ የክለሳ ቀን፣ ባለቤትና የታተሙ ቅጂዎች የተሰቀሉበት ክፍል ይያዝ። ባለቤቱ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይመዝገብ፤ ሰው ይሄዳል፣ መደቡ ይቀራል። ፋይሎቹ በግለሰብ ኢሜይልና በቴሌግራም ቡድን ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሥር ባለ አንድ አቃፊ ይቀመጡ። ማረም የሚችለው የኮሚቴው ጸሐፊ ብቻ ይሁን፣ ሌላው ያንብብ። አዲስ እትም ሲወጣ ጸሐፊው የቅጂ ዝርዝሩን ይዞ በየክፍሉ ይዞራል። በፕላስተር የተለጠፈውን፣ ጫፉ ቢጫ የሆነውን ወረቀት ራሱ ይነቅላል፤ አንዱን ቅጂ «የተሻረ» የሚል ቀይ ማኅተም አድርጎበት ወደ መዝገብ ቤት ይልካል፣ የቀሩትን ያስወግዳል። «አሮጌውን አስወግዱ» የሚል ማስታወሻ መላክ ብቻ አይሠራም። የግድግዳ ወረቀት በማስታወሻ አይወርድም።

የተሻረውን አለመጣል ግን አስፈላጊ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጥያቄ ሲነሳ ጥናቱ የሚመዘነው በጊዜው በጸናው እትም ነው። ስለዚህ የማጽደቂያ ደብዳቤው ራሱ የመመሪያውን መለያና እትም ይጥቀስ። አንድ መስመር ነው፤ ከላይ ያነሳነውን ጥያቄ ግን ይመልሳል።

ክለሳው በየ3 ዓመቱ ይሁን። ከዚያ በፊት ሰነድ የሚያስከፍት ነገር ቢኖር አደጋ፣ ያልተጠበቀ ሞት፣ የመድኃኒት ወይም የመሣሪያ ለውጥ፣ ወይም የዓለም አቀፍ መመሪያ መታደስ ነው። ለዚህ ምሳሌ እንስሳትን ለመግደል የሚያገለግለው ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በአገዳደል መመሪያው የ2013 እ.ኤ.አ. እትም ጋዙ በየደቂቃው ከሣጥኑ ይዘት ከ10 እስከ 30 በመቶ እንዲገባ ይመክር ነበር፤ በ2020 እትሙ ከ30 እስከ 70 በመቶ አደረገው። 10 ሊትር ለሚይዝ ሣጥን በደቂቃ ከ3 እስከ 7 ሊትር ነው፤ ይህን ያለ ፍሰት መለኪያ ማወቅ አይቻልም። አሮጌውን ቁጥር የያዘ ኤስኦፒ ግድግዳ ላይ ካለ የሚነቀልበት ቀን አልፏል። እስከ 10 ቀን ዕድሜ ያላቸው ግልገሎች ጋዙን ስለሚቋቋሙ የሞቱ መስለው ወደ ቆሻሻ ከረጢት ሊገቡና እዚያ ሊነቁ ይችላሉ። ሞትን በሁለተኛ መንገድ ማረጋገጥ የሚለው ዓረፍተ ነገር በኤስኦፒው ውስጥ ራሱን የቻለ ቁጥር ይሰጠው፤ የሚፈርምበት ቦታም ይኑረው።

አዲስ ሰነድ የሚያልፍበትን መንገድ በአጭሩ እንጠቁም። ባለቤቱ ያረቅቃል፤ ሐኪሙና ሠራተኛው ያዩታል፤ ለሚጠቀሙበት ክፍሎች ለ15 ቀን ለአስተያየት ይላካል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ በተገኙበት ይጸድቃል፤ ከ30 ቀን በኋላ ሥራ ላይ ይውላል። በዚያ 30 ቀን ውስጥ ሥልጠና ይሰጣል። «አንብቤዋለሁ» የሚል ፊርማ ብቻውን ሥልጠና አይደለም፤ ሰውየው ሲሠራ ታይቶ ያየው ሰው ይፈርም። በጅምር ላይ ያሉ ጥናቶች በአሮጌው ይጨርሱ ወይስ ወደ አዲሱ ይሸጋገሩ የሚለውም በዚያው ገጽ ይጻፍ። የእንስሳውን ሥቃይ የሚቀንስ ለውጥ ከሆነ ወዲያው ይሸጋገሩ ባዮች ነን። ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ተመራማሪ ካለ ፈቃዱ በፕሮቶኮሉ (በጸደቀው የጥናት ዕቅድ) ውስጥ ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ ከፕሮቶኮሉም ጋር ይብቃ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ በሚቀጥለው ዓመት «ልማድ» ይባላል።

አሁን ወደ ይዘቱ። ኮሚቴዎች ቢያንስ በሦስት ጉዳዮች ላይ የተጻፈ አቋም እንዲኖራቸው እንጠይቃለን፤ እዚህ አገር የሚሠራው የባህል መድኃኒት ጥናት ዘወትር የሚነካቸው ናቸውና።

አንደኛው በአፍ ማስገባት፣ ጋቫጅ ነው። አንድ ከፍተኛ መጠን በሚሞከርበት የገደብ ፈተና በኪሎ 2000 ሚሊ ግራም የሚሰጠው 25 ግራም አይጥ 50 ሚሊ ግራም ውሑድ ይቀበላል። በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ከተባለ ይህ ሁሉ በ0.25 ሚሊ ሊትር ውስጥ መግባት አለበት። ያ እንደ ማር የወፈረ ነገር ነው፣ ባለ 20 ቁጥሩን ድቡልቡል ጫፍ መርፌ ይደፍነዋል። ተማሪው ሲቸገር ወይ በኃይል ይገፋል ወይ ውኃ ይጨምራል። ሲገፋ ጉሮሮ ይቀደዳል፤ ውኃው ሲበዛ ሆድ ሞልቶ ይመለስና ወደ ሳንባ ይገባል። አይጡ ይሞታል፤ ሞቱም በሠንጠረዡ ላይ በቅጠሉ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ መመሪያው የውኃ ሟሟ ከሆነ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትርን ጣሪያ ያድርግ፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድ። ከጋቫጅ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ ማንኛውም አይጥ ደረቱ ይከፈት። የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ወይም አረፋ በሳንባው ላይ ከታየ የሞቱ ምክንያት «የአሰጣጥ ስህተት» ተብሎ ይጻፍና ለኮሚቴው ሪፖርት ይደረግ። ይህች አንዲት አንቀጽ ብቻዋን ስንቱን የመርዛማነት ውጤት እንደምትለውጥ ፋርማኮሎጂ የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሞትን መድረሻ ማድረግ ነው። በአራት ቀኑ የወባ ፈተና አይጡ በተለምዶ 10 ሚሊዮን ጥገኛ ተሕዋስያን የያዘ ደም 0.2 ሚሊ ሊትር በሆዱ ይወጋል፣ ለአራት ቀን መድኃኒት ይሰጠዋል፣ በአምስተኛው ቀን ከጅራቱ ደም ተወስዶ ይቆጠራል። ዋናው ጥያቄ እዚያ ላይ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ አይጡ እስኪሞት መጠበቅ ነው፤ «አማካይ የመኖር ዕድሜ» ለሚለው አምድ ሲባል። ኮሚቴው ይህን አምድ ያለ ምክንያት አይቀበል። ከተቀበለም መድረሻው ሞት ሳይሆን ምልክት ይሁን፦ ክብደቱ ከመነሻው በ20 በመቶ ሲወርድ፣ ሲነካ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ የሰውነቱ ሙቀት ኮሚቴው ከወሰነው በታች ሲወርድ። ያ ቀን እንደ መጨረሻ ቀን ይመዘገብና አይጡ በሰላም ይገደላል። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ማየትን ይጠይቃል፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። የሚያየው ሰው ስም በፕሮቶኮሉ ከሌለ አይጽደቅ።

ሦስተኛው የቦታ ስሌት ነው፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የላቦራቶሪ እንስሳት መመሪያ እስከ 25 ግራም ላለ አይጥ 77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 97 ገደማ ያስፈልገዋል። የፕላስቲክ ኬጅ አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ነው። አፉን ለክቶ 30 በ20 ብሎ 600 ያገኘ ሰው ስድስት ትልልቅ አይጦች ያስገባል። የሥሩ ልክ 26 በ16 ከሆነ 416 ብቻ ነው፤ የሚችለውም አራት ነው። በ22 ግራም የገቡት ደግሞ በአራት ሳምንት ውስጥ 25ን ያልፋሉ። ኤስኦፒው «የኬጁ ወለል ይለካ፣ ስሌቱም በጥናቱ መጨረሻ በሚጠበቀው ክብደት ይሁን» ብሎ ይጻፍ።

ከሙከራው ውጭ የሆኑ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ውጤቱን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የግዢ ጉዳይ ስለሆኑ ኮሚቴው አያያቸውም። ከእንጨት ቤት የሚመጣው ሰጋቱራ ከጥድና ከመሰል ሽታ ያላቸው እንጨቶች ከሆነ፣ ሽታው የጉበትን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይሞች ያነሳሳል። የመድኃኒት ጥናት የሚደረግበት እንስሳ በእንዲህ ያለ አልጋ ላይ ሊተኛ አይገባም። መኖውም እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ እስከ ነሐሴ አዲስ ግዢ አይወጣም። ስለዚህ በግንቦት ብዙ ተገዝቶ ክረምቱን ሙሉ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ጉበት የሚያድን ቅጠል ሲፈተን ጉበት የሚገድል መኖ እየተበላ ነው። መመሪያው የመኖ ከረጢት ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ፣ የተፈጨበት ቀን በከረጢቱ እንዲጻፍ፣ ከ6 ወር ያለፈ እንዳይሰጥ ያዝዝ። የበዓል ተረኛ ዝርዝርም የኤስኦፒው አካል ይሁን። ፋሲካን አይጥ አያከብርም፤ ውኃው ግን ካልተቀየረ ያልቃል።

በግንቦትና በሰኔ ኮሚቴዎችን የሚፈትን ሌላ ነገር አለ። ተማሪው ሙከራውን ጨርሷል፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ደርሷል፣ ማጽደቂያ ግን የለውም። አማካሪው ይደውላል፤ «ለልጁ ብላችሁ» ይባላል። የአሠራር መመሪያው እዚህ ላይ አንዲት የማያሻማ ዓረፍተ ነገር ይኑረው፦ ለተሠራ ሥራ ማጽደቂያ አይሰጥም፤ የኋላ ቀን ያለው ደብዳቤም አይወጣም። ለተማሪው ሊሰጠው የሚችለው «ጥናቱ አስቀድሞ ለኮሚቴ አልቀረበም» የሚል እውነተኛ ደብዳቤ ነው፤ የሚያስከትለውን ትምህርት ክፍሉ ይወስን። አማካሪው የኮሚቴው አባል ከሆነም የራሱ ተማሪ ጉዳይ ሲታይ ከክፍሉ ይውጣ፤ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። ዝም ብሎ መቀመጥ ገለልተኝነት አይደለም።

ማሻሻያዎችን በሦስት መክፈል ሥራውን ያቀላል። የስልክ ቁጥር ወይም የረዳት ስም ለውጥ በጸሐፊው ይያዝ። ኮሚቴው አስቀድሞ ባጸደቀው የአማራጭ ዝርዝር ውስጥ ያለ የማደንዘዣ ለውጥ በሐኪሙ ፊርማ በ2 የሥራ ቀን ይለቅ። የእንስሳ ቁጥር መጨመር፣ የዝርያ መቀየር፣ የሥቃይ ደረጃ ከፍ ማለት፣ የአገዳደል ዘዴ ወይም የዋና ተመራማሪ ለውጥ ግን ወደ ሙሉ ኮሚቴ ይመለስ። ይህ ካልተጻፈ ሁሉም ነገር ስብሰባ ይጠብቃል፤ ሁሉም ነገር ስብሰባ ሲጠብቅ ሰው ሳይጠይቅ ይሠራል።

ከላቦራቶሪ ውጭ ላለው ሥራ ባጭሩ፦ በአርሶ አደር ከብት ላይ የሚሠራ ጥናት የባለቤቱን ፈቃድ በሚናገረው ቋንቋ ይጠይቃል። በዱር እንስሳት ላይ የሚሠራ ደግሞ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያ ፈቃድ የኮሚቴውን ግምገማ አይተካም፣ የኮሚቴው ማጽደቂያም ፈቃዱን አይተካም። በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ላይም አንዲት ላም በአንድ ቀን ስንት ተማሪ በእጁ ሊመረምራት እንደሚችል የሚወስን ቁጥር ይጻፍ፤ አሁን የሚወስነው የክፍሉ የስም ዝርዝር ነው።

ካጸደቁ በኋላ ሄዶ ማየት። ሁለት አባላት፣ ለአንዱ ጥናት አንድ ሰዓት። ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ የጸደቀውን ፕሮቶኮል፣ የእንስሳት ቤቱን የወጪ መዝገብና በኬጆቹ ላይ ያሉትን ካርዶች። የጸደቀው 60፣ ከማራቢያው የወጣው 84 ከሆነ የ24ቱ መልስ ይፈለግ። ብዙ ጊዜ መልሱ ክፋት አይደለም፤ የሞቱት በዝምታ ተተክተዋል። ግን በዝምታ የተተካ ሞት ከመረጃው የጠፋ ሞት ነው፣ ውጤቱም ከእውነቱ ይልቅ ያምራል።

ስለዚህ ለምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በመጀመሪያው ወር ያሉት ሰነዶች በሙሉ፣ በግድግዳ፣ በፍላሽ፣ በግል ኢሜይል ያሉት ሁሉ ተሰብስበው ዋናው ዝርዝር ይዘጋጅ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አምስት ኤስኦፒዎች ብቻ ይጻፉ፦ ማደንዘዣ፣ ጋቫጅ፣ አገዳደል፣ መኖና አልጋ፣ የበዓልና የቅዳሜ እሑድ ክትትል። አርባ ሰነድ በአንዴ ለመጻፍ የተነሳ ኮሚቴ አንዱንም አይጨርስም። ለኮሚቴው ጸሐፊ ቢያንስ ግማሽ የሥራ ጊዜ በደብዳቤ ይሰጠው፤ ይህ ሥራ ከሙሉ የማስተማር ጭነት ጋር የሚሠራ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ጽሕፈት ቤቱ አንድ የማጽደቂያ ቁጥር በዕጣ ያውጣ፤ መመሪያው፣ እትሙ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የጉብኝት ሪፖርቱና የእንስሳት ቁጥር በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀርቡ ይጠይቅ።

ከሰላምታ ጋር

በእንስሳት ምርምር ክትትል የምንሠራ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የፋርማኮሎጂ መምህራንና የእንስሳት ቤት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች
ለግዢና ፋይናንስ ዳይሬክቶሬቶች (የመኖውን አንቀጽ ይመልከቱ)
ለእንስሳት ቤት ሠራተኞች፣ በሚያነቡት ቋንቋ